መንገዱ ይሰፋል፣ መጨናነቁ ይብሳል! ለምን?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ ትራፊክ ነው። "የከተማ ትራንስፖርት እቅድ" ሲባል እንቅልፉ የሚመጣ ሰው አለ፤ አውቃለሁ። ቆዩ ብቻ።

ጥያቄው አጭር ነው። መንገዱ ተጨናነቀ፤ ምን ይሻላል? ሁሉም ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው። ይስፋ! እሺ፣ ሰፋ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞላ። እንደገና ሰፋ፣ እንደገና ሞላ።

እስቲ ስልካችሁን አስቡት። የድሮው 64 ጊጋ ነበር እንበል። ነጋ ጠባ "ሜሞሪ ሞልቷል" ይላል። ያኔ ቁጥብ ነበራችሁ። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ የደበዘዘውን ታጠፋላችሁ። ከቴሌግራም የወረደውን ቪዲዮ ትሰርዛላችሁ። ከዚያ 256 ጊጋ ገዛችሁ። ተገላገልኩ! መሰረዝ ቀረ። አንዱን ፊት አሥር ጊዜ ማንሳት መጣ። ማንም የማያየው የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ቁጭ አለ። (የእኔን ቪዲዮ አውርዳችሁ ከሆነ እሱ ይቆይ፣ እሱን አትንኩት።) ለተወሰነ ጊዜ ሰላም ነው። አንድ ቀን ልጁ ሻማውን እፍ ሊል ሲል ካሜራ ከፈታችሁ። "ሜሞሪ ሞልቷል"። ስልኩ አልጠበበም እኮ! አጠቃቀማችሁ ነው የሰፋው።

መንገድም ያው ነው። ይህቺን ቶሎ ልበላት፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። መንገድ ሲሰፋ ማልዶ ይወጣ የነበረው ወደ ጥድፊያው ሰዓት ይመለሳል። በሌላ በኩል ይዞር የነበረው ይመጣል። በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪናውን ያስነሳል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት አንቶኒ ዳውንስ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው በፈረንጆቹ 1962 ነው። የአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ ግን ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና አስፍታ በ2008 ጨረሰች። አንዳንድ ቦታ ከጎንና ጎኑ መንገዶች ጋር 26 መስመር ይደርሳል። ሃያ ስድስት! ብዙም ሳይቆይ መኪናው መልሶ ተኮለኮለ።

አሁን ወደ ሌላ ልሄድ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ሐሳብ ላይክ በላይክ ሆኖ አየሁት። "የአውቶቡስ መስመሩ ባዶውን ነው የሚውለው፣ ለመኪና ይከፈት" ይላል። ይህን ዘልዬ አላልፍም።

መኪና ውስጥ ቆማችኋል። ወደ ጎን ታያላችሁ። አስፋልት። ባዶ አስፋልት። አንድ አውቶቡስ ሽው ብሎ ያልፋል። ከዚያ መልሶ ባዶ። ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን እንቁጠር። 60 ሰው የያዘ አውቶቡስ በየደቂቃው ቢያልፍ በሰዓት 3,600 ሰው ነው። የእናንተ መስመር፣ የትራፊክ መብራት ስላለበት፣ በሰዓት 800 መኪና ያሳልፋል እንበል። በአንድ መኪና በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ብንል 1,200 ሰው። ጢም ያለው መስመር ሲሶውን ነው ያሳለፈው! ያኛው ባዶ የሚመስለው ሥራውን ጨርሶ ስለሄደ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው ከመጣ በሰዓት 180 ሰው ብቻ ነው። ያኔ ተመልካቹ ልክ ነው። አስፋልት ላይ ቀለም መቀባት ትራንስፖርት አይደለም። አውቶቡስ ይጨመር!

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ይህ ገብቷታል። በፈረንጆቹ 2006 ወደ መሀል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪናን ለሰባት ወር በሙከራ አስከፈለች። እንደ ሰዓቱ ዋጋው ይለያያል። ግን ክፍያው ከመጀመሩ ወራት በፊት ተጨማሪ አውቶቡሶች አሰማርታ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ አብዛኛው ነዋሪ አይሆንም ይል ነበር። ከዚያ ወደ መሀል የሚያቋርጠው መኪና አንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው ተመለሰ። ሰዉም ልዩነቱን በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት የከተማዋ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው ይቀጥል አለ። በ2007 ቋሚ ሆነ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ነፃ ፓርኪንግን እነካለሁ። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ስድቡንም ከወዲሁ አዘጋጁ።