ማደንዘዣው ነርቭ ላይ ብቻ አይቆምም

ጤና ይስጥልኝ። የጥርስ ህክምና ተማሪዎች ናችሁና ወሬ ሳላበዛ ልግባ።

ታካሚው ጉንጩ አብጦ ይመጣል። ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ትወጉታላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ጉጠቱን ስታስጠጉ ይጮሃል። «ፈርቶ ነው» እንላለን። ኧረ አልፈራም!

ሊዶኬይን የነርቩን የሶዲየም መተላለፊያ፣ ማለትም የህመም መልእክት የሚያስኬደውን በር፣ የሚዘጋው ከውስጥ በኩል ነው። ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ቅባታማውን የህዋስ ሽፋን ማለፍ አለበት፤ ማለፍ የሚችለው ደግሞ ቻርጅ የሌለው ክፍሉ ብቻ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው) 7.4 በሆነበት ጤነኛ ቦታ ይሄ ክፍል ሩብ ያህል ይሆናል። መግል የያዘ ቦታ ግን አሲዳማ ስለሆነ፣ ፒኤቹ 6.9 ቢደርስ እንኳ ከ10 አንድ እጅ አይሞላም፣ ሌላው ደጅ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጋለው ቦታ ደም ስለሚበዛበት መድኃኒቱ ቶሎ ይታጠባል፣ የተቆጣው ነርቭም በቀላሉ እጅ አይሰጥም። እብጠቱን ደጋግሞ ከመውጋት ራቅ ብሎ ዋናውን ነርቭ መያዝ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ገልብጡት። ብግነት፣ ማለትም የቦታው መቆጣትና ማበጥ፣ ማደንዘዣውን እንደሚያዳክም ሁሉ ማደንዘዣውም ብግነትን ይነካል። ነጭ የደም ህዋሳት፣ በተለይ ኒውትሮፊሎች፣ ከደም ስር ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁና ወደ ተጎዳው ቦታ እንዳይሮጡ ያዘገያቸዋል፤ ይሄ ደግሞ በአብዛኛው በሶዲየም መተላለፊያ በኩል አይደለም። አንዳንድ ሐኪሞች በሆድ ቀዶ ህክምና ጊዜ ሊዶኬይን በደም ስር የሚሰጡት አንድም ለዚህ ነው። ግን ቶሎ ደስ አይበላችሁ፣ ባክቴሪያን የሚዋጉትም እነዚሁ ህዋሳት ናቸው።

ማደንዘዣው ሲበዛና ሲቆይ ደግሞ ህዋስ ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ ከትከሻ ቀዶ ህክምና በኋላ እንደ ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ በፓምፕ ለቀናት መገጣጠሚያ ውስጥ ሲንጠባጠብ ልም አጥንታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው። አንድ መርፌ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ አትደንግጡ።

መርፌ ስትደርቡ ግን አስሉ። አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን ጣሪያው በኪሎ 4.5 ሚሊግራም ነው። የ2 ፐርሰንቱ 1 ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ይይዛል፤ 40 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 9 ሚሊሊትር ላይ አለቀ። ካለፈ አንጎልና ልብ ጋ ይደርሳል፤ ታካሚው ጆሮዬ ጮኸ፣ ምላሴ ደነዘዘ ካለ መርፌውን አቁሙ።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው?