ባዶ የመሰለው ሰማይ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ደሴ ላይ ቆሞ ስለ ሰማይ የሚናገር ሰው መግቢያ አይቸግረውም። ሲነገር እንደሰማነው፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ አጋማሽ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ስለተደነቁ ነው ቦታውን ደሴ፣ ማለትም ደስታዬ ያሉት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ስትይዝም፣ እኛ እዚህ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ሆነን ብርሃኗ ሲደክም አይተናል።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የተሰበሰባችሁት ጄምስ ዌብ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ባነሳቸው ፎቶግራፎች ዙሪያ ነው፤ እውነትም ያምራሉ። እኔ ግን በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው የቆየ ፎቶግራፍ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ሀብል የተባለውን የሕዋ ቴሌስኮፕ የሚመራው ተቋም ኃላፊ ሳለ፣ ለእርሱ ውሳኔ የተተወውን የመመልከቻ ጊዜ ባዶ ወደሚመስል ቁራጭ ሰማይ አዞረው። ጊዜው በከንቱ ይባክናል ብለው ሊያስተዉት የሞከሩ ነበሩ። ሀብል ግን አስር ቀን ሙሉ ዓይኑን እዚያው ተክሎ 342 ጊዜ ፎቶ አነሳ፤ ምስሎቹ ሲደራረቡ ወደ 3000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች ታዩ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ጤፍ የምታክለው ነጥብ ሁሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት መኖሪያ ናት። የብዙዎቹ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ስለተጓዘ፣ የምናየው የጥንት መልካቸውን እንጂ የዛሬውን አይደለም። ዌብም በ6.5 ሜትር መስታወቱ ለዓይናችን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን እየሰበሰበ፣ የ13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቶናል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድ ቴሌስኮፕ በስጦታ መጣልን። ለአንድ ምሽት ብቻ እንዲሰጠኝ ስጠይቅ የንብረት ክፍል ኃላፊው «መምህር፣ በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ቢሰበር ማን ይከፍለዋል?» አለኝ። እፈርማለሁ ብል አልሰማኝም። ከአራት ዓመት በኋላ መጋዘኑ ሲቆጠር አየሁት፤ ካርቶኑ በሲባጎ እንደታሰረ፣ ሌንሱም ፕላስቲኩ ሳይላጥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያስተማርኳቸው ልጆች ጨረቃን እንኳ በቅርብ ሳያዩ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ።

ይሰበራል! ሀብል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ ሲወጣ መስታወቱ የተሳሳተ ነበር፤ ስሕተቱ ከፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ የማይበልጥ ቢሆንም ምስሉን ሁሉ አደበዘዘው። ዓለም ሳቀበት። ይሁን እንጂ ሳይንቲስቶቹ የደበዘዘውን ምስል በሚችሉት መጠን እያጠሩ ሥራውን ቀጠሉ እንጂ መመልከታቸውን አላቆሙም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ጠፈርተኞች እዚያው ድረስ ወጥተው ጠገኑት። በሩ አጠገብ ያለው ፎቶግራፍ የተነሳው በዚህ በተጠገነ መሣሪያ ነው። የመጋዘን ቁልፍ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት ክፈቱት! የተሰበረ ይጠገናል፤ ያላየ ልጅ ግን አድጎ ይሄዳል።



ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰማዩም ጠርቷል። በተውሶ ያገኘናት ትንሽ ቴሌስኮፕ ግቢው ውስጥ በሰሜን በኩል ወደ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ዞራለች። የምታዩት ደብዛዛ ጭጋግ የሚመስል ነገር ነው፤ ብርሃኑ ግን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የግቢው መብራት ይጠፋል፤ ትንንሾቹ ይቅደሙ።