የማኅበራችን በር ለማን ይከፈት?

ክቡራንና ክቡራት የሒሳብ ማኅበራችን አባላት፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ከቀረቡት አጀንዳዎች ሁሉ አስበልጬ የማየው የደንብ ማሻሻያውን ነው። አሁን ባለው ደንባችን ሙሉ አባል የሚሆነው በሒሳብ ዲግሪ ያለው ብቻ ነው። የሒሳብ ሰው የሚባለውስ እርሱ ብቻ ነውን?

የተሰበሰብንበት አራት ኪሎ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉም፣ ቅድስት ሥላሴም ያሉበት ሰፈር ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህር የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠሩት 5500 ዓመታት ላይ 2018 ይደምራል፤ 7518። ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፈዋል፤ አንድ ቀንሶ 12ን ወንበር ይለዋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው፣ ማለትም ለ30 አካፍሎ ቀሪውን ሲይዝ፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18 ይሆናል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ይሞላሉና። እኛ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ኮርስ የምናስተምረው የቀሪ ስሌት ይኸው ነው! ይህን በቃሉ አስልቶ ለደቀ መዛሙርቱ የሚያወርስን ሊቅ «ዲግሪህ የታለ?» ብሎ መመለስ እኔን አያስችለኝም።

«ስሌት ብቻውን ምን ዋጋ አለው? ማረጋገጫ ያስፈልጋል» የምትሉ ባልደረቦቼ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን አሜሪካዊቷ ማርጆሪ ራይስ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ብቻ የተማረች የቤት እመቤት ሆና፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወለልን ክፍተት ሳይተዉ የሚሸፍኑ አዳዲስ የባለ አምስት ጎን ዓይነቶችን አገኘች። ባለሙያዎች መርምረው አጸደቁላት እንጂ አላባረሯትም። የእኛም ድርሻ ይኸው ይመስለኛል።

ወረቀትም ቢሆን ሁልጊዜ በር አያስከፍትም። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር ዶክትሬቷን በ1907 እ.ኤ.አ. ይዛለች። በ1915 የሒሳብ ሊቃውንቱ ሒልበርትና ክላይን ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሲጠሯት ግን ሴት በመሆኗ የማስተማር ፈቃድ ተነፈጋት፤ ለአራት ዓመታት ትምህርቷ የሚታወጀው በሒልበርት ስም ነበር።

እስቲ የፊት ወንበሮችን ተመልከቱ፤ ሴቶች እጅግ ጥቂት ናችሁ። ሴሚናራችን በምሽት ሲያበቃ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ወደ ሩቅ ሰፈር መመለስ የሚከብዳቸው መምህራት ቀስ በቀስ ቀርተዋል። ስለዚህ ሴሚናሩ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር፣ የአባልነት አንቀጹም «በሒሳብ ሥራው ወይም በማስተማሩ በሁለት አባላት የተመሰከረለት» የሚለውን እንዲጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ።

ረቂቁ በእጃችሁ ነው። የምትቃወሙ አባላት ቅድሚያ ተሰጥቷችሁ ተናገሩ።