ሌባ በየት ይገባል? ቤታችሁን ከሌባ የምትጠብቁበት መንገድ

እንዴት ናችሁ ቤተሰቦች! ዛሬ ስለ ቤት ሌባ ነው የምናወራው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ግቢ አለ መሰላችሁ፤ በሩ ወፍራም ላሜራ፣ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከላይ ደግሞ እሾሃማ ሽቦ። ጓሮ ስትዞሩ ግን የማድ ቤቱ መስኮት በገመድ ታስሯል። በገመድ!

የቆርቆሮ ጣሪያ ታውቃላችሁ አይደል? ሐምሌ ነው እንበል። ዝናቡ ይወርዳል። ጣሪያው ደህና ነው፤ አንዲት ሚስማር ብቻ ላልታለች። ውሃው ከደህናው ቆርቆሮ ጋር አይታገልም። ይንሸራተታል፣ ይንሸራተታል፣ ያቺን ሚስማር ያገኛታል። ከዚያ አልጋችሁ ላይ ጠብ! ደግሞ ልብ በሉ፤ የሚንጠባጠብበትና የገባበት ቦታ አንድ አይደለም። ኮርኒሱ ላይ ሄዶ ሄዶ ነው ሌላ ቦታ የሚወርደው። ሌባም እንደዚሁ ነው። ቴሌቪዥኑ የጠፋው ከሳሎን፣ ሰውየው የገባው በመታጠቢያ ቤት መስኮት። ባለቤቱ ግን ሮጦ የሳሎኑን ቁልፍ ይቀይራል! ደህናውን ቆርቆሮ አውርዶ አዲስ መምታት ማለት ነው። ሚስማሯን ፈልጉ፣ ሚስማሯን!

ወደ ቁልፉ እንምጣ፤ ፈጠን እላለሁ። ሲሊንደሩ፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበት የቁልፉ ክፍል፣ ከበሩ ፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጥቶ ከታየ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል፤ መሃሉ፣ ብሎኑ የሚገባበት ጋ፣ ስስ ነው። በበሩ ውፍረት ልክ ግዙ። የእንጨት በር ሲረገጥ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው መቃኑ ነው እንጂ ቁልፉ አይደለም። ምላሱ የሚገባበትን ብረት የያዙትን አጫጭር ብሎኖች አውጡና 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ብሎኖች አስገቡ። ጓጉንቸር የምትጠቀሙ፣ ማንጠልጠያውን እዩት፤ ብሎኑ ከውጭ ከታየ ሌባው ካቻቪቴ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በያጅ ይበይድላችሁ። ኮንዶሚኒየም የተከራያችሁ ደግሞ አከራዩን አስፈቅዳችሁ ሲሊንደሩን ቀይሩ። የቀድሞው ተከራይ ስንት ቁልፍ እንዳስቀረጸ ማን ያውቃል?

አሁን ደጋግማችሁ የምታነሱት ነገር። «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብን ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ዕቃውን አወጡት።» ቤተሰቦች፣ እንቅልፍ ራሱ በቂ ነው! ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የመስኮት መከፈት ማን ይሰማል? ነገሩን የማነሳው ለክርክር አይደለም። አፍዝ አደንግዝ ነው ያለ ሰው መስኮቱን አያሠራም። ሌባው ሲመለስ መስኮቱ እንደነበረ ይጠብቀዋል። ይባስ ብሎ «ሠራተኛዋ መድኃኒት አስገብታ ነው» ይባላል። ምንም ማስረጃ ሳይኖር የአንዲት ልጅ እንጀራ ይቆረጣል፣ ስሟ ይጠፋል። በጣም ነው የሚያናድደኝ! ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ቤቱን በውጭ በኩል ዙሩት።

ለፋሲካ ክፍለ ሀገር የምትሄዱ፣ ለምታምኑት ጎረቤት ንገሩ፤ ማታ ማታ መብራት ያብራላችሁ። የጉዞውን ፎቶ ስትመለሱ ለጥፉት፤ ቲክቶክ ላይ «ቤታችን ባዶ ነው» ብሎ ማወጅ ምን ይሉታል? ስትመለሱ በሩ ተሰብሮ ካገኛችሁ ደግሞ አትግቡ፤ ሰውየው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወጣ ብላችሁ 991 ደውሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ምንም አትንኩ፣ አሻራ ይጠፋል። የካሜራውን ጉዳይ በሚቀጥለው ቪዲዮ እመጣበታለሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ።