ቀኝ መሪ ትልልቅ ፒክአፖች፦ የምትከፍሉት ለምኑ ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ! ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

የማወራው አውስትራሊያ ውስጥ ስለሚሸጡት ግዙፍ የአሜሪካ ፒክአፖች ነው። ራም፣ ሲልቬራዶ፣ ኤፍ-150፣ ቱንድራ። አራቱም ከፋብሪካ ሲወጡ ግራ መሪ ናቸው። አውስትራሊያ ደግሞ የምትነዳው በግራ መስመር፣ በቀኝ መሪ ነው። ታዲያ ሾውሩም ገብተን የምናያቸው ቀኝ መሪዎች ከየት መጡ? ከሜልቦርን። ተፈትተው እንደገና የሚገጠሙት እዚያ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ለምን አይሠራቸውም? ሂሳቡ አይወጣለትማ! ፎርድ በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ብቻ ኤፍ-150ን ከሚያካትተው ከኤፍ ሲሪስ ቤተሰብ ከ700 ሺህ በላይ መኪና ሸጧል። አውስትራሊያ በዓመት የምትገዛው ጥቂት ሺህ ኤፍ-150 ነው። ለዚህ ብሎ የፋብሪካ መስመር የሚቀይር የለም።

ክፍተቱን የሞላው ሜልቦርን ነው። ፎርድ በ2016፣ ቶዮታና የአገሩ የመኪና ብራንድ ሆልደን በ2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ መኪና መሥራት አቆሙ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሙያው ግን አገር ውስጥ ቀረ። ዛሬ ራምን፣ ሲልቬራዶንና ቱንድራን ዎኪንሾው የተባለ ድርጅት ወደ ቀኝ መሪ ይቀይራል። ኤፍ-150ን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ አርኤምኤ የተባለ ድርጅት ይዞታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው «መሪውን ነቅሎ ወዲያ ማዞር ነው» ይላል። መሪው እኮ ትንሹ ነገር ነው! ዳሽቦርዱ በሙሉ ይወጣል። ገልብጦ መመለስ አይቻልም፤ አዲስ ተቀርጾ ይሠራል። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ብረት ላይ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ መግቢያ ቦታ ይቀየራል። የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደገና ይዘረጋል። የሾፌሩና ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ኤርባግ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቦታ መለዋወጥ ብቻ አይበቃም። የዝናብ መጥረጊያው ካልተቀየረ በሾፌሩ በኩል ያለው የመስታወቱ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። የፊት መብራቱ እንዳለ ከተተወ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል።

ድሮ የግራውን የመሪ ማርሽ እንዳለ ትተው፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ በሰንሰለት ከቀኙ መሪ ጋር የሚያገናኙ ጋራዦች ነበሩ። እኔ እንዲህ ዓይነት መኪና በነፃ ቢሰጡኝም አልነዳም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ወጪ ሰው ለምን ይሸከማል? ዋናው ምክንያት መጎተት ነው። እንደ ሃይሉክስና መደበኛው ሬንጀር ያሉት አብዛኞቹ መካከለኛ ፒክአፖች የሚጎትቱት ቢበዛ 3.5 ቶን ነው። ትልልቆቹ 4.5 ቶን ይደርሳሉ። ከባድ ካራቫን (ተጎታች ቤት)፣ ጀልባ ወይም የፈረስ ተጎታች ላለው ሰው ይህ የአንድ ቶን ልዩነት ሁሉ ነገር ነው። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያልፋል። ለታይታ የሚገዛም አለ፤ መብቱ ነው። ብቻ ማቆሚያ ቦታ ላይ እንዳይማረር። የአገሩ የተለመደ ማቆሚያ ርዝመቱ 5.4 ሜትር ነው፣ ኤፍ-150 ደግሞ ወደ 5.9 ሜትር ይጠጋል። አፍንጫው ወይ ጅራቱ ውጭ ማደሩ ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደቀየረው ጠይቁ። የግጭት ፍተሻ የተደረገው ከተቀየረ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ዋስትናው የተቀየረውን ክፍል ይጨምራል? በተለይ ያገለገለ ስትገዙ ይህን እንዳትዘሉት። ሞተሩ ቢበላሽ ዕቃው ከአሜሪካ ይመጣል። የቀኝ መሪው ዳሽቦርድ ቢሰነጠቅ ግን አሜሪካ ያለ ነጋዴ አይኖረውም። የሠራው ቀያሪው ነው፣ የሚሸጥላችሁም እሱ ነው። እሱ ሥራውን ካቆመ ዕቃውን የምታገኙት ከተጋጨ መኪና ላይ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ላብቃ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ተጎታች ክብደት ከሆነ ግን የመኪናችሁን ሞዴል አብራችሁ ንገሩኝ።