«የተጋባነው ለወረቀት ነበር፤ አሁን ግን ወደድኩት»

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በጦርነት ጊዜ ለከለላ ወይም ለኑሮ ሲባል ስለሚፈጸም ጋብቻ ናቸው። የሚመልሱልን የቤተሰብ አማካሪ ናቸው።

አድማጭ፦ ባለቤቴን ያገባሁት በጦርነቱ ሰሞን ነው። ብቻዬን መሆኔ አደጋ ነበረው፤ እሱም ቤተሰብ ያለው ሰው መባሉ ይጠቅመው ነበር። «ሲረጋጋ እንለያያለን» ተባብለን ፈረምን። አሁን ተረጋግቷል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። እሱ ዛሬም እንደ እንግዳ ያከብረኛል። ብነግረውና ባጣውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አክብሮቱን እንደ ቅዝቃዜ አይቁጠሩት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ቢወድም ዝም ሊል ይችላል። ምናልባት እሱም የእርስዎን አፍ እየጠበቀ ይሆናል።

ግን መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ። ፍርሃት ሰውን ያቀራርባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳተንና አሮን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት፣ በሚወዛወዝ ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ሴት ጠያቂ ያነጋገረቻቸው ወንዶች፣ ጠንካራ ድልድይ ላይ ከተጠየቁት ይልቅ በኋላ በብዛት ደውለውላታል። የልብ ምቱ ከድልድዩ ይሁን ከሴቲቱ፣ እነሱም የለዩት አይመስልም። እናም ምንም በሌለበት፣ አሰልቺ በሆነ ማክሰኞ ቀን አብሮነቱ ይናፍቅዎታል? አዎ ካሉ ውለታ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ይንገሩት። ትልቁ ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ ቤቱ ወይም ወረቀቱ በእርስዎ እጅ ከሆነ፣ ተቸግሮ «እሺ» ሊልዎት ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው «መልስህ ምንም ይሁን፣ የተባባልነው አይፈርስም» ይበሉት። እሱ ላይ የሚደገፉት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ከመናገርዎ በፊት ማረፊያ ያዘጋጁ። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ያለው እሺ ነው እሺ የሚባለው። በጭቅጭቅ መሃል ወይም ሻንጣው በር ላይ ቆሞ አይናገሩ።

አድማጭ፦ እንዲህ ያለ ጋብቻ በታሪክ ይዘልቅ ነበር?

መልስ፦ የዘለቀም የፈረሰም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣችው ሕግ የወታደር ሚስት በወር 50 ዶላር ታገኝ ነበር፤ 22ቱ ከባል ደመወዝ ተቆርጦ፣ 28ቱ ከመንግሥት። ለዚያ ብቻ ያገቡ ነበሩ። ጭራሽ ለድጎማው ሲሉ ሁለት ሦስት ወታደር ያገቡም አልጠፉም! እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1965 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚያገቡ ልጅ የሌላቸው ወንዶች ከቬትናም ጦርነት ምልመላ እንደማያመልጡ ሲያስታውቁ፣ ጥንዶች ከእኩለ ሌሊት በፊት ለመፈራረም ተሯሯጡ። ወደ ኋላ ስንመለስ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ፍቺ ከ600 ሺህ በላይ ደርሷል። የፈረሰው ሁሉ የጥቅም ጋብቻ አልነበረም። ሳይተዋወቁ በችኮላ የተፈጸመም ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የሚያወሩት አጥተው የተለያዩም አሉ።

አድማጭ፦ በሕግ እንጠየቃለን?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። አብሮ ለመኖር ሳያስቡ ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ መፈራረም በብዙ አገር ወንጀል ነው። በኋላ መዋደዳችሁም የመጀመሪያውን አይሰርዘውም። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሄዳችሁ ከመናገራችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።