መጥረጊያ ይዛችሁ ኑ፦ ስለ እንስሳት መጠለያ ከወሎ አድማጮች የቀረቡ ጥያቄዎች

ባለፈው ዝግጅት በእንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ስለማገልገል አውርተን ነበር። ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። የአየር ሰዓቱ ስላልበቃ የቀሩትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድመልስ አዘጋጆቹ ጠየቁኝ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ስለ በሽታ ካበዛሁ ቻሉኝ።

ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ሰፈራችን ጥቂት ልጆች ግቢ ተከራይተው የጎዳና ውሾችና ድመቶች ያስጠጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልረዳቸው አስቤያለሁ። የሕክምና ትምህርት የለኝም። ምን ልጠቅማቸው እችላለሁ?»

አብሽር፣ ሐኪም መሆን አይጠበቅብህም። የመጠለያ ሥራ አብዛኛው ጽዳት ነው። ጠዋት ሰገራ ይነሳል፣ ሳህን ይታጠባል፣ ውሃ ይቀየራል፣ የሚተኙበት ጨርቅ ታጥቦ ይሰጣል። ማሻሸትና ማጫወት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ልጆች ተቃራኒውን አስበው ይመጡና በሁለተኛው ሳምንት ድራሻቸው ይጠፋል።

ጽዳቱን ደግሞ እንደ ቤት ጽዳት አትየው። ቡችላ የሚፈጅ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አለ። ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ያልተከተበ ቡችላ በጥቂት ቀን ያልቃል። ቫይረሱ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ግን ይገድለዋል። መጀመሪያ ቆሻሻውን ሙልጭ አድርገህ ታነሳለህ፣ በሳሙና ታጥባለህ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጠህ ታፈሳለህ። ወዲያው አትጥረገው፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። ሰገራው ሳይነሳ በላዩ ብታፈስ ድካም ብቻ ነው፤ ቆሻሻው የበረኪናውን ጉልበት ይበላዋል። የትናንቱን ብጥብጥም ለዛሬ አታስተርፍ። ስትሠራ ከጤነኞቹ ቡችሎች ጀምረህ በታመሙት ጨርስ። ተገላቢጦሽ ከሄድክ በሽታውን በጫማህ ይዘህ ታዞራለህ።

ከመግባትህ በፊት ግቢውን ዞር ዞር ብለህ እይ። አዲስ የመጣ ውሻ ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው የሚቆይበት ቦታ አላቸው? ማን መቼ እንደተከተበ የሚጽፉበት ደብተርስ? ደብተር ከሌለ የመጀመሪያ ሥራህ እሱ ይሁን። አምስት ውሻ በሚይዝ ግቢ ሃያ ከታጨቀበት ደግሞ በሩን ለአዲስ ውሻ መዝጋት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ክፉ መስሎ ለመታየት ድፍረት ካለህ አንተው ንገራቸው።

ሌላው ቁም ነገር ቀንህን አለመቀያየር ነው። ቅዳሜ ካልክ ቅዳሜ ና። የተደበደበ ውሻ ሰው የሚያምነው ሲደጋገምለት ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ጥግ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ከሰው እያሸሸ ይቀመጣል። ፊት ለፊት አትሂድበት፣ ዓይንህን አትትከልበት፣ ጎንበስ ብለህ ራሱን ለመንካት አትዘርጋ። ራቅ ብለህ ጎንህን ሰጥተኸው መሬት ላይ ተቀመጥ፤ ምግቡን ጣል አድርግና ስልክህን ነካካ። አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ጫማህን ያሸታል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ለቲክቶክ ቪዲዮ ቀርጾ የሚጠፋ ሰው ይህችን ቀን አያያትም። ጭራ ስለወዘወዘም ደስ ብሎታል ብለህ አትቸኩል፤ ገላው ከደረቀ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ካዛጋ ጨንቆታል።

ከወልዲያ፣ ወጣት ሴት፦ «ቡችላ ሳበላ ጣቴን ጫር አደረገኝ። ደም እንኳ የለውም። እናቴ ጠበል ሂጂ ትላለች፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት አድርጊበት አለችኝ። ቡችላውስ ጤነኛ ይመስላል። ልተወው?»

አትተዪው። ይህን እያነበብሽ እንኳ ጤና ተቋም ካልሄድሽ አሁን ተነሺ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በለሃጭ ይተላለፋል። ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል። ክትባቱ የሚቀድመው በዚህ መሐል ነው። የሕመሙ ምልክት አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ እኮ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በሰው ላይ ከሞከረበት ከ1885 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው።

እንደተነከሱ ወይም እንደተጫሩ የሚደረገው ይኸ ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ። ሰዓት ይዘሽ ካልሆነ 15 ደቂቃ አይሞላም፤ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ ብዙ ያጠበ ይመስለዋል። ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ያፍስስልሽ። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅጠል አይደረግበትም፤ ቁስሉን ያቆጣዋል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ሐኪሙ የቀጠረልሽን ቀን አንድም ሳታጎድዪ ተከተቢ። ጠበሉንም አልከለክልሽም፤ ተከትበሽ ከእናትሽ ጋር ሂጂ።

ቡችላው አይገደል። ለብቻው ተይዞ 10 ቀን ይታይ። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሲጭርሽ ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም፤ ሐኪሙም ቀሪውን ክትባት ሊያቆምልሽ ይችላል። ክትባቱን ለመጀመር ግን አሥሩን ቀን መጠበቅ የለም። በመጠለያ አዘውትራችሁ የምትሠሩ ሁሉ ደግሞ ሳትነከሱ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ይገኝ እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፣ እናት፦ «ልጄ 14 ዓመቷ ነው። መጠለያ ካልሄድኩ ብላ አስቸግራኛለች። እኛ ሰጋጆች ነን፤ ውሻ ነክታ ልብሷ ላይ ነጃሳ ይዛ ትገባለች ብዬ ከለከልኳት። አጠፋሁ?»

ምኑን አጠፉ፣ እናቴ! የጦሃራውን ነገር ለሸኽዎ እተዋለሁ፤ በሰው ሙያ አልገባም። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ ምሕረት ማግኘቱን ግን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

በኔ በኩል ያለውን ልንገርዎ። ለመጠለያ ብቻ የሚሆን ልብስና ቦቲ ጫማ ትያዝ። እዚያው ቀይራ፣ እጇንና ክንዷን በሳሙና ታጥባ ትምጣ። ልብሱ በፌስታል ታስሮ ለብቻው ይታጠብ። ይህ ለሶላቱ ብቻ ሳይሆን ለቁንጫውም፣ ለጭርቱም፣ ለእከኩም ነው። ይህ ሁሉ ከከበደዎት ድመቶቹ ዘንድ ትመደብ፤ ድመት እንደሁ በእስልምናም ቤት የለመደች ናት። ወይም መዝገቡን ትያዝ።

ዕድሜዋ ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። አዋቂ ሳይኖር ውሾቹ ክፍል ብቻዋን አትግባ። አበደ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ልጅ ደግሞ ጭረት ይደብቃል፤ «እንዳትሄጂ» እንዳይባል። ብትነግረኝ አልቆጣም ብለው አስቀድመው ቃል ይግቡላት።

ከሐይቅ፣ ባለ ሥጋ ቤት፦ «የማይሸጥ ሳንባና ጉበት ይተርፈኛል። ለመጠለያው ልስጥ?»

እግዜር ይስጥህ፣ ግን ጥሬውን አትስጥ። በጉና ከብቱ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይተህ ታውቃለህ፤ ሙያህ ነውና። እሱ የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ እጩ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል። በጎ ፈቃደኛው ሰገራውን ያነሳል፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። እንቁላሉ ሰው ውስጥ ሲገባ ያንኑ ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው።

ከረጢት ያለበትን ለማንም አትስጥ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበር፣ ወይም አቃጥል። በአጥር አሻግሮ መወርወር የሚባለውን ነገር ተወው፤ አረፋና ፋሲካ ሲመጣ ከተማው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። ንጹሕ የሚመስለውንም ቆራርጠህ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅለው። መረቁን በገብስ ወይም በበቆሎ ገንፎ ላይ ቢያፈሱት ለውሾቹ ድግስ ነው። መጠለያውም ውሾቹን በየጊዜው የኮሶ ትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ ማስዋጥ አለበት።

እግረ መንገዴን ለሌሎቻችሁም፦ የሽሮና የወጥ ትርፍራፊ አታምጡ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ከባቲ መንገድ፣ ወጣት፦ «ያረጀች አህያ መንገድ ዳር ጥለዋት ሄዱ። ጀርባዋ ቆስሏል። ውሻ ብቻ ነው እንዴ መጠለያ የሚገባው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ተጭኖባት ለጅብ የምትለቀቅ አህያ ያላየ ወሎዬ የለም። በደንብ ከተያዘች 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች።

ጥላ ያለበት አስገባትና ውሃ አቅርብላት። ቁስሉን በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ ቀስ አድርገህ እጠብ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡ የሚሉህን አትስማ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ምንም አይጫንባት፣ ኮርቻም። የአህያ ዘር ለመንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ይጋለጣልና ሐኪም ዘንድ ስለ ክትባቱ ጠይቅ። አንድ ነገር ልብ በል፤ አህያ ሕመሟን ዋጥ ታደርጋለች። ዝም ብላ ቆማ መብላት ካቆመች «ደክሟት ነው» አትበል፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ጥራ። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ትከሳለች፤ ጓደኛ አህያ ካጣህ ፍየልም ጥሩ ነው። ቆዳዋን የሚፈልግ ነጋዴ ቢመጣብህ፣ አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲታገድ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2024 (እ.ኤ.አ.) መወሰናቸውን ንገረው።

ከቦረና ሳይንት፣ አርሶ አደር፦ «እኛ ጋ መጠለያ የለም። ውሻችን በግ ጠባቂ ነው። እኛንስ ምን ያገባናል?»

ከሁሉም በላይ እናንተን ያገባችኋል። ከእናንተ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ያህል ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። በጣም የሚጨርሰው ከእናንተ ውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንዱ ሲያዝ መንጋው ያልቃል።

በጎ ፈቃድ ማለት እናንተ ጋ ሌላ መልክ አለው። የክትባት ቡድን ሲመጣ ውሻውን በገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው፣ የጎረቤቱንም ውሻ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። መርፌ የሚወጋ ይገኛል፤ ውሻ የሚይዝ ነው የሚጠፋው። ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። ውሻ በመርዝ መጨረስ ግን እንዲህ አይሠራም፤ የሞተው ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣበታል። የተከተበውንም አብሮ መግደል ነው፤ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ስሟን ያልገለጸች፣ ነፍሰ ጡር፦ «መጠለያ መሄድ ላቁም?»

አታቁሚ። ድመቶቹ የሚጸዳዱበትን አሸዋ ግን ሌላ ሰው ይጥረግ። በድመት ሰገራ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። አደገኛ መሆን የሚጀምረው ሰገራው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ መነሳቱ ሁላችሁንም ይጠቅማል። ጥሬ ሥጋ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ከድመቷ ይልቅ ክትፎውን ፍሪ።

ከደሴ፣ ወጣት፦ «አንዲት ቡችላ እጄ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እግሬ እምቢ አለኝ።»

አይዞህ። ይህ የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረህ አዝናለሁ። ለጊዜው ከታመሙት ክፍል ራቅ በል። ጨርቅ ማጠብ፣ ምግብ ማመላለስ፣ ስልክ ማንሳት አለ። ለልጆቹም ምክንያቱን ንገራቸው፤ ዝም ብለህ ከቀረህ ሰነፍ ይሉሃል፣ አንተም መመለስ ያሳፍርሃል። አንዳንድ ሰው ወደዚያ ክፍል ጨርሶ አይመለስም። ምንም ነውር የለበትም።

ከዚያው ከደሴ፣ መጠለያ የጀመሩ ልጆች፦ «ውሻ የሚወስድ ሰው ይመጣል፤ ሁሉም ወንድ ነው የሚፈልገው። ሴቶቹ ቀሩብን።»

ሰው ሴት ውሻ የሚጠላው ቡችላ ስለምትፈለፍል ነው። በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜም በዓመት ሁለቴ። ስለዚህ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላት ለማምከኛ ቀዶ ሕክምና ውሰዷት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ያለቻችሁን ትንሽ ብር አሥረኛ ቡችላ ለማስገባት ከምታወጧት ለዚህ አውጧት። ከዚያ ለሚመጣው ሰው «ይቺ አትወልድም፣ ተከትባለች፣ ከወንዱ ያላነሰ ትጠብቃለች» በሉት። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚያስር እንደሆነ ግቢውን ሄዳችሁ እዩ። ሲወስዳት ስሙንና ስልኩን ደብተር ላይ አስፍሩ፤ የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ ደውሉለት። ካልተመቸው ሜዳ ላይ ሳይጥል ወደ እናንተ እንዲመልሳት አስቀድማችሁ አስፈርሙት።